አደገኛ ሆኖ…

ጥቅምት 5

ዛሬም ያው። ስልክ፣ ስልክ፣ ስልክ። የምሠራበት ላብራቶሪ የናሙናውንም የአልትራሳውንዱንም ውጤት በወረቀት መስጠት አቁሞ «ሁሉም በየስልኩ ድረ ገጹን ከፍቶ ያንብብ» ካለ ወዲህ ጆሮዬ ጆሮ መሆኑ ቀርቷል። «ፊደሉ ሣጥን ሣጥን ሆነብኝ።» «የጥያቄ ምልክት ብቻ ነው የሚያሳየኝ፣ ምንድነው የምትጠይቁኝ?» «መስመሩ እርስ በርሱ ተደራረበ።» አንዷማ «ፊደላችሁ ተኮራርፏል መሰለኝ፣ ተበታትኖ ነው የሚታየኝ» አለችኝ። ኧረ እኔም ተኮራርፌያለሁ እናቴ…

ለሁሉም መልሴ አንድ ነው። ብሮውዘሩን ያድሱ። አጥፍተው ያብሩ። ካሹን፣ ስልኩ ያጠራቀመውን አሮጌ ገጽ፣ ያጽዱ። «ካሽ» ስላቸው ቦርሳቸውን የሚፈትሹ አሉ። አንዱ ሰውዬ «ካሼን ከከፈልኩ ቆየሁ እኮ፣ እናንተው ጋ ነው ያለው» ሲለኝ ድምፁን ከፍ አድርጌ ለቢሮው ሁሉ አሰማሁት። ተንከተከትን። ሰውዬው የተሳቀው ለቀልዱ መስሎት አብሮን ሳቀ። የዋህ። ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ቤት ስገባ ደስታዬ በር ላይ ቀረ። ጠዋት ያጠብኳቸውን ሰሃኖች አማቴ ከመደርደሪያው አውርዳ እንደገና ታጥባለች። እኔ ቆሜ እያየሁ! አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ ናት። እንግዳ ነበረባት፣ የድሮ የሥራ ባልደረባዋ። «ይህቺስ ማናት?» ብላ ጠየቀቻት። «ከልጄ ጋር የምትኖረዋ ናት» አለች። የምትኖረዋ… ተከራይ ነኝ እንግዲህ። ሚስት፣ ምራት የሚባል ቃል ጉሮሮዋን ይቧጥጣት ይመስል አንድ ቀን አውጥታው አታውቅም። ባሌ ሰምቷል። ስልኩን ማየት ቀጠለ።

ጥቅምት 7

አዲስ ዓይነት ስሞታ። «ዓረፍተ ነገሩ አያልቅም» አለ አንድ ደዋይ። የኔስ መቼ አለቀ ልለው ነበር።

ከዚያ ግን ነገሩ ከነከነኝና ገጹን ከፍቼ አየሁት። ውጤት የሚጻፍበት ሣጥን ቁመቱ የተገደበ ነው። ሁለት መስመር ብቻ ያሳያል። ከዚያ በታች ያለው ጽሑፍ አለ፣ ግን ተሸፍኗል። ምልክት የለው፣ ነጥብ የለው፣ ዝም ብሎ ተቆርጧል። ፊደሉን አሳድገው የሚያነቡ ሰዎች ስልክ ላይ ደግሞ ይብሳል፤ ፊደሉ በሰፋ ቁጥር ሁለቱ መስመር የሚይዘው ቃል ያንሳል። ስልኩን በጎኑ ቢያጋድሙት መስመሩ ይረዝምና ትንሽ ይጨምራል።

ገጹን ሠርተን ሳይሆን ከውጭ ገዝተን ነው ያመጣነው። የነሱ ቋንቋ መልሱን መጀመሪያ ላይ ይናገራል፣ ሁለት መስመር ይበቃዋል። እኛ ዋናውን ነገር ለመጨረሻ ነው የምናስቀምጠው። ታመመ አልታመመ፣ አለ የለም… ግሱ እስኪመጣ ሰው ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል። ይህን ያሰበ የለም።

ለፕሮግራመራችን ልነግረው ሄድኩ። «ሊቁ» ነው የምንለው። ማዳመጫውን ከጆሮው ሳያወልቅ «አንቺ ስልክሽን አንሺ፣ ኮዱን ለኔ ተይው» አለኝ። እሺ ጌታዬ። ተውኩት።

ጥቅምት 9

ወይ ጉድ…

ባሌ አልገባም ነበር። አማቴ እንደ ልማዷ ሳታንኳኳ መኝታ ቤት ገባች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ይሄን አድርጋ አታውቅም። አንገቷ ላይ ሻርፕ ጠምጥማለች።

«አንቺ፣ ይህቺን ነገር እስኪ እያት» ብላ ስልኳን ሰጠችኝ።

የኛ ላብራቶሪ ገጽ! አንገቷ ሥር እብጠት አውጥታ፣ ለማንም ሳትናገር እኛው ጋ ሄዳ ናሙና ሰጥታለች። እኔ የምቀመጥበት ፎቅ ሥር አልፋ። ፊደሉን አሳድጋ ጫማ አሳክላዋለች። ሣጥኑ ውስጥ የሚታየው ይህ ነው፦ «የአንገት ዕጢ ናሙና በማይክሮስኮፕ ታይቶ ዕጢው አደገኛ ሆኖ»። በቃ። እዚያ ላይ ቆመ።

ግሱ ከታች እንዳለ ወዲያው ገባኝ። ስልኩን ላጋድመው እጄን ስሰነዝር ቀማችኝ።

«ገብቶኛል» አለች። «ምን ይነበባል ከዚህ በኋላ። ልጄ እንዳይሰማ። ማይልኝ።»

ማልኩላት። ሌላ ምን ላድርግ? ነገ ቢሮ ሄጄ ሙሉውን አይቼ ልንገርዎት ልላት አፌን ስከፍት፣ በሩ ላይ ዞር ብላ፣

«አንቺማ ደስ ይበልሽ» አለች።

አፌን ዘጋሁት።

ጥቅምት 10

ባይፈቀድልኝም፣ ገና ኮምፒውተሬ ሳይሞቅ የሷን ውጤት ከፈትኩ። የቢሮው ስክሪን ሰፊ ነው። «…ዕጢው አደገኛ ሆኖ አልተገኘም»።

አልተገኘም! ብቻዬን ሳቅኩ። ምንም የላትም ሴትዮዋ። እኔን ቀብራ ተዝካሬን ልትበላ የምትችል ናት። ማታ እነግራታለሁ ብዬ ዋልኩ። እንዴት እንደምነግራትም አሰብኩ… ቀስ ብዬ፣ ከሻይ በኋላ፣ «ከኔ ጋር የምትኖረዋ ሴትዮ» ብዬ።

ገባሁ። ቤቱ ጭጭ ብሏል። ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል። ሳሎን ተቀምጣ ግድግዳ ታያለች። ራት በላን፣ ሰሃኑን አጠብኩ። መጥታ ታወርደዋለች ብዬ ጠበቅኩ። አልመጣችም። ሰሃኖቹ እኔ ባስቀመጥኳቸው ቦታ አደሩ።

አንድ ቀን ደግሞ ይደር። ነገ እነግራታለሁ።

ጥቅምት 12

አልነገርኳትም። የጓዳውን ቁልፍ ሰጠችኝ! አራት ዓመት ሙሉ ስኳር ባስፈለገኝ ቁጥር የምለምናትን ቁልፍ። «አንቺ ብትይዢው ይሻላል» አለች። ባሌ ዓይኑን ማመን አቃተው። «እናቴን ምን አደረግሻት?» ብሎ ሳቀ።

ምንም አላደረግኳትም። እውነቴን ነው።

ጥቅምት 15

ክፉ ነኝ? ማንም አያየውም፣ ልጻፈው።

ዛሬ እሁድ ነው፣ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ሻይ አቀረብኩላትና አጠገቧ ተቀመጥኩ። «አንድ ነገር ልጠይቅዎት?» አልኳት። «ሠርጋችን ቀን ለምን ጥቁር ለበሱ?»

ድሮ ቢሆን ሻዩን ፊቴ ላይ ትደፋው ነበር። ብርጭቆውን በጣቷ አሽከረከረች።

«ክፋት ነው» አለች። «ሌላ ምን እለዋለሁ። ልጄን የወሰድሽብኝ መስሎኝ ነው። ክፋት ነው፣ ልጄ።»

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ! ቀጠልኩ እንጂ አላቆምኩም። እንግዳ ፊት «የምትኖረዋ» ያለችኝን። የልደቴ ቀን በሩን ቆልፋብኝ የወጣችውን። እናቴ ልትጠይቀኝ በመጣች ጊዜ «አልጋ የለንም» ብላ ማታውኑ የመለሰቻትን። አንድ በአንድ አስቆጠርኳት። ለሁሉም አንገቷን ደፍታ «አጥፍቻለሁ» አለች። እናቴ ላይ ስንደርስ አለቀሰች።

አንዲት ቃል ብናገር እንባዋ ቀጥ ይላል። ምላሴ ላይ ነበረች። አል-ተ-ገ-ኘ-ም። በልቤ እየቆረጥኩ አልኳት፣ እሷ ስታለቅስ። ከዚያ መሐረብ አቀበልኳት።

ትቅመሰው። ይበላት።

ጥቅምት 18

ዛሬ አንድ አናጢ ደወለ። የሚስቱ ውጤት ነው። ሚስቱ እርጉዝ ናት። «መጥፎ ነገር ነው የሚለው፣ እስኪ አይተሽ አረጋግጪልኝ» አለ። ከጀርባው መጋዝ ይጮሃል። የሰው ውጤት ማንበብ ለኔ አይፈቀድም። «የገጹ ችግር ሊሆን ይችላል፣ ካሹን አጽዱ» አልኩት። «እሺ እህቴ» ብሎ ዘጋ።

የዚህ ዓይነት ጥሪ በዝቷል። መዝግቤ ለሊቁ ማሳወቅ ነበረብኝ። በቀን አምስት ስድስት ይሆናሉ። ግን ብነግረው ሣጥኑን ይከፍተዋል። ሣጥኑ ለሁሉም ሲከፈት ለሷም ይከፈታል። ማታ ማታ ያንን ገጽ እየከፈተች እንደምታየው አውቃለሁ፤ በበሩ ክፍተት አይቻታለሁ። ትከፍተዋለች፣ ታየዋለች፣ ትዘጋዋለች።

ጥቂት ቀን ብቻ። ማን ይሞታል በዚህ?

ጥቅምት 21

ከሥራ ስገባ፣ «ከናንተ መሥሪያ ቤት ደወሉልኝ» አለችኝ። «ኑ ይላሉ። ምን ልሁን ብዬ ነው የምመጣው? አውቄዋለሁ፣ ተዉኝ ብዬ ዘጋሁባቸው።»

የአስተያየት ጥሪ ነው። ካለፈው ወር ጀምሮ ደንበኛውን ሁሉ እየደወሉ «በአገልግሎታችን ረክተዋል?» እያሉ ያስቸግራሉ። ሄዳ ከአንዱ ጋር ብታወራ ደግሞ ነገሩ ይወጣል።

«ደግ አደረጉ» አልኳት።

ጥቅምት 24

መድኃኒት ቤት ወሰድኳት፣ ለራስ ምታቷ። ፋርማሲስቷ «ልጅዎት ናት?» አለቻት።

«ምራቴ ናት» አለች።

እንዲሁ፣ ቀለል አድርጋ። ዕድሜ ልኳን ስትለው እንደኖረች ሁሉ። ክው አልኩ። ሂሳብ ልክፈል ብዬ ዞር አልኩና ዓይኔን በእጅጌዬ ጠረግኩ። ምን ነካኝ? ይሄ እኮ የምፈልገው ነው። ስፈልገው የኖርኩት…

ስንመለስ ክንዴን ይዛ ነው የተራመደችው። ሻርፗ ሸርተት ሲል እብጠቱን አየሁት። ተለቅ ብሏል መሰለኝ። አላውቅም፣ መጀመሪያም አላየሁት። ብርድ ይሆናል።

ጥቅምት 27

ዛሬ ልነግራት ቆርጬ ነበር። «ምራቴ፣ ሾርባው እንዴት ይጣፍጣል» አለችኝ። ሁለት ማንኪያ ነው የቀመሰችው። ነገ።

ኅዳር 1

ቁም ሣጥኗን ባዶ አደረገችው። ኮቱን ለጎረቤት፣ ጫማውን ለጽዳት ሠራተኛዋ። ለኔ ግራጫ ሹራቧን ሰጠችኝ፣ አዲስ ነው፣ አንድ ቀን ብቻ የለበሰችው። «እንደኔ አልወፈርሽም፣ ይሆንሻል» ብላ ቀለደች። እኔም ሳቅኩ። ቆይ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው አብረን የምንስቀው?

ከዚያ፣ «ያማል ይሆን?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ምኑ?»

«መጨረሻው።»

አንጀቴን በላችኝ። እዚያው ልናገር ነበር፣ አምላክ ያውቃል። ግን ምን ብዬ ልጀምር? «ይቅርታ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ አውቄ ነበር» ብዬ? ከዚያስ? ቁልፉን ትቀበለኛለች። ቁልፉ ይቅር፣ ቁልፉን ማን አየው። «ምራቴ» የሚለውን ትቀበለኛለች። ለልጇ ትነግረዋለች። እሱ ደግሞ… እሱን ተዉት።

እና ምን አደረግኩ? አልዋሸሁም። አንድም ቀን አልዋሸኋትም። አንድ ግስ ነው የደበቅኩት።

«አያምም» አልኳት።

ኅዳር 4

አናጢው መጣ። በአካል። ደረጃውን በሩጫ ወጥቶ፣ ቅንድቡ ላይ የእንጨት ብናኝ እንዳለ፣ ስልኩን ጠረጴዛዬ ላይ ወረወረው።

«አንቺ ነሽ ካሽ አጽዳ ያልሽኝ?»

ቢሮው ሁሉ ዞሮ አየን። የሚስቱ ውጤት በስልኩ ላይ እንዲህ ነው የሚነበበው፦ «በአልትራሳውንድ ምርመራው መሠረት ፅንሱ ጤናማ አይደለም»። እዚያ ላይ ያልቃል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሚስቱ ከአልጋ አልወረደችም። ሌላ ሐኪም ቤት ወስዷት ነው እውነቱን ያወቀው። ሊቁ ማዳመጫውን አውልቆ መጣ፣ ሙሉውን ከፍቶ አነበበለት፦ «ፅንሱ ጤናማ አይደለም የሚያሰኝ ምንም ምልክት አልታየም።»

አናጢው ወንበር ላይ ዘጭ አለ። ትልቅ ሰው፣ እጁ እንደ አካፋ የሰፋ፣ እንደ ሕፃን አለቀሰ። «ስም ልናወጣለት አስበን ነበር፣ ተውነው እኮ… ሚስቴ ልብሶቹን ሁሉ ሰጠች እኮ…» ይላል።

አለቃችን «ይሄን ነገር ማንም አላሳወቀም?» ብሎ ጮኸ። ሊቁ ወደኔ ዞረ። እኔ ወደ ሊቁ ዞርኩ። «ነግሬው ነበር፣ ስልክሽን አንሺ አለኝ» አልኩ። እውነት ነው። ሊቁ ቀላ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ቆምኩ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ደስታውን አልችለውም ነበር፣ ዛሬ ግን ልደሰትበት አልቻልኩም። ምክንያቱም ሊቁ «ሣጥኑን አሁኑኑ ነው የምከፍተው» ብሎ ተቀመጠ።

ወደ ጠረጴዛዬ ሮጥኩ። የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነው… ማታ ገጿን ትከፍታለች፣ አልተገኘም የሚለውን ታያለች፣ ትድናለች፣ እኔ አለቀልኝ። እንዴት እንደሚታይ ልየው ብዬ ውጤቷን ከፈትኩ። ሊቁ ከወዲያ «አድሱት!» አለ። አደስኩት።

ሣጥኑ ወደ ታች ተዘረጋ። ሁለት የነበረው መስመር አራት ሆነ።

«የአንገት ዕጢ ናሙና በማይክሮስኮፕ ታይቶ ዕጢው አደገኛ ሆኖ አልተገኘም ለማለት የተወሰደው ናሙና በቂ ስላልሆነና አጠራጣሪ ሕዋሳት ስለታዩ ታካሚዋ በአስቸኳይ ቀርበው ምርመራውን ይድገሙ።»

አምስት ጊዜ አነበብኩት። አልተገኘም… ለማለት። አልተገኘም ለማለት። የኔም ስክሪን ላይ ሣጥኑ ጠባብ ነው፣ ሁለት መስመር ብቻ ነበር የሚታየው። እንዴት አላየሁም? አራት ነጥብ እንኳ አልነበረውም እኮ። ቀኑን ሙሉ ስለ ተቆረጠ ዓረፍተ ነገር ስሰማ እየዋልኩ፣ የሷን ያለቀ አድርጌ ወሰድኩት። ስለተመቸኝ ነው። ግሱ እኔ የፈለግኩት ግስ ስለሆነ።

በስልክ ኑ ያሏት ለዚህ ነው። ደግ አደረጉ ብያታለሁ።

ወደ ቤት ልሂድ፣ ሌላ መጻፍ አልችልም።

ኅዳር 5

ትናንት ማታውኑ እግሯ ላይ ወደቅኩ። «ላብራቶሪው ምርመራው ይደገም ብሏል፣ ነገ እንሂድ፣ እባክዎን» አልኳት። «ምን ይሠራልኛል ልጄ፣ ያለቀ ነገር ነው» አለች። «አላለቀም! አላለቀም እኮ!» ብዬ ጮህኩ። እግሯን ይዤ አልለቅም አልኩ። ልቅሶዬን ማቆም አቃተኝ።

ራሴን ደባበሰችኝ።

«ይሄን ያህል ትወጂኛለሽ?» አለችኝ። «እኔ እኮ አላውቅም ነበር።»

ዛሬ ጠዋት ሄድን። አዲስ ናሙና ወሰዱ። ራጅና ሌላ ምርመራም አዘዙ። ለባሌም ነገርነው፤ እሷ ናት የነገረችው፣ እኔ ኮሪደር ላይ ነበርኩ።

ኅዳር 12

ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ቀስ ብላ ነው የምትናገረው። አደገኛ ነው አለች። ወደ ሳንባ ተሻግሯል አለች። ባሌ «ቀዶ ጥገናስ?» ሲላት ወረቀቱን አገላበጠች።

«መጀመሪያ ስንጠራቸው መጥተው ቢሆን ኖሮ እዚያው አንገት ላይ እያለ ልናወጣው እንችል ነበር። ፈጣን ዓይነት ነው። አሁን ማስታገስ ነው የምንችለው።»

«መቼ ነው የጠራችኋት?» አለ ባሌ።

ቀኑን ነገረችው።

ኅዳር 13

መኪናው ውስጥ ነው የጠየቀኝ። ሞተሩን አጥፍቶ፣ መሪውን ይዞ፣ ፊት ለፊት እያየ።

«እማማ ውጤቱን ያሳየችሽ በዚያን ሰሞን ነው። ነግራኛለች። ታውቂ ነበር ማለት ነው።»

ቀበቶዬን ፈታሁ።

«አደገኛ መሆኑን እያወቅሽ ዝም አልሽኝ? ለኔ? ለገዛ ልጇ? እናቴ እንድትሞት ነው የፈለግሽው?»

አላወቅኩም ነበር ልለው አፌን ከፈትኩ። አደገኛ መሆኑን አላወቅኩም፣ ማይ ቢለኝ እምላለሁ፣ ጤነኛ መስላኝ ነበር… ከዚያ ግን ቀጣዩን ጥያቄ ሰማሁት፣ እሱ ሳይጠይቀው። ጤነኛ ከመሰለችሽ ለምን አልነገርሻትም? የምትሞት መስሏት ልብሷን ስታድል፣ ስታለቅስ፣ ምን እያደረግሽ ነበር?

አውቄ ዝም አልኩ ብል ነፍሰ ገዳይ ነኝ። አላወቅኩም ብል… ለዚያኛው ስም የለውም።

ቀለል ያለውን መረጥኩ።

«አውቅ ነበር» አልኩት። «ማይልኝ አለችኝ፣ ማልኩ።»

ከመኪናው ወርዶ በእግሩ ሄደ። እሷ ጋ ሆስፒታል አደረ። እኔ ቤት ነኝ። ቤቱ ሁሉ የኔ ነው፣ ቁልፉም ሁሉም። ሰሃን አላጠብኩም።

ኅዳር 20

ዛሬ አስጠሩኝ። ባሌ ከዚያ ቀን ወዲህ አላነጋገረኝም፤ በመልእክት ነው «ትፈልግሻለች» ያለኝ። ግራጫውን ሹራብ ለብሼ ሄድኩ፣ ደስ ይላቸዋል ብዬ።

አማቴ በጣም ከስተዋል። አንገታቸው በፋሻ ተጠቅልሏል። ድምፃቸው የሚሰማው ጠጋ ሲሏቸው ብቻ ነው። በቀኝ በኩል ያለችውን ታማሚ «ምራቴ ናት፣ ያልኩሽ» አሏት። ሴትዮዋ እንደምታውቀኝ ሁሉ ፈገግ አለችልኝ። ስለኔ ሲያወሩ ነው የከረሙት።

ባሌ መስኮቱ ጋ ቆሞ ነበር። «ና ወዲህ» አሉት። መጣ።

«እኔ ነኝ ያስማልኳት» አሉት። «ለሰው ብትናገሪ ዓይንሽን አላይም አልኳት። ያን ሁሉ ጊዜ ብቻዋን ተሸከመችው። ሥራ ውላ መጥታ ሾርባ ትሠራልኛለች፣ አጠገቤ ተቀምጣ ታጫውተኛለች፣ አንድ ቀን ፊቷ አልተለወጠም። አንተ ብትሆን ይህን ትችል ነበር? እኔ በሷ ላይ ያን ሁሉ ግፍ ሠርቼ… እግሬ ላይ ወድቃ ነው ሐኪም ቤት የወሰደችኝ። ማንም እንዲህ አልወደደኝም። አንተም ጭምር።»

«እማማ፣ ተይ ይደክምሻል» አለ።

«አልተውም። ይቅርታ ጠይቃት። አሁን፣ እኔ እያየሁ።»

እዚያ ላይ መናገር ነበረብኝ። የመጨረሻዋ ዕድሌ ነበረች፣ ከዚያ በኋላ ሌላ እንደማይመጣ አውቄ ነበር። «ኧረ እማማ፣ እንደሱ አይደለም» አልኩ፣ እንዲያውም ጀምሬ ነበር። «ዝም በይ አንቺ፣ ትሕትናሽ ነው የሚያናድደኝ» ብለው እጄን ጨበጥ አደረጉት። ጨበጣቸው የሕፃን ያህል ነው። የዚያች አልጋ ታማሚ ታለቅሳለች። ነርሷ ሳትቀር ቆማ ታየናለች።

ባሌ አልጋውን ዞሮ መጣ። አልተላጨም፣ ዓይኑ ደም ለብሷል። አጠገቤ በርከክ አለና ጭንቅላቱን ጉልበቴ ላይ አደረገ።

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አለኝ።

አደረግኩለት።